ከዓለም ሳንወጣ መጠበቅ



ስለ እግዚአብሔር ጥበቃ እንድናገር ስጋበዝ መጀመሪያ የታሰበኝ ይህን ልመና ምን ያህል እንደምንደጋግመው ነው። ልጅ ቦርሳውን አንግቶ ከበር ሲወጣ እናቱ ከኋላው ታማትብለታለች። አገር አቋራጩ አውቶቡስ ገና ከመናኸሪያው ሳይወጣ ተሳፋሪው አንገቱን ደፍቶ ይጸልያል። ወደ ቤሩት ወይም ወደ ሪያድ ለሥራ የምትሄድ ልጅ ቦሌ ላይ እየተሳመች የምትሰማው የመጨረሻ ቃል «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» የሚል ነው። የታመመ ሲጠየቅ፣ ሙሽራ ሲሸኝ፣ ሕፃን ሲጠመቅ፣ ቤት ሲመረቅ፣ ሁሉም ላይ ይኸው ልመና አለ። ከጸሎታችን ውስጥ እሱን ብናወጣው የሚቀረን ጥቂት ነው።

ጥያቄውም አብሮን ይኖራል። ሚያዝያ 2007 ዓ.ም. በሊቢያ ወንድሞቻችን ክርስቲያን በመሆናቸው ሲገደሉ ያየን ትውልድ ነን። የቂርቆስ ሠፈርን ለቅሶ ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ፤ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ አብሮ ያነባበት ለቅሶ ነበር። ለእነዚያ ልጆች «ጠብቃቸው» እያለ የሚለምን ሰው አልነበረም ብሎ የሚያስብ ማን አለ? ስለዚህ ኀዘን ቤት የተቀመጠ አማኝ አንድ ነገር በጉሮሮው ይዞ ይቀመጣል፤ ጥበቃው የት ነበር? አንዳንዱ አውጥቶ ይጠይቃል። አብዛኛው ግን ክህደት እንዳይሆንበት ፈርቶ ይውጠዋል። እኔ ይህን ጥያቄ ክህደት ነው ብዬ አላምንም። ዳዊት የሚደግም ሰው መዝሙራቱ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠየቀ ያውቃል። እግዚአብሔር ፊት የቀረበ ጥያቄ እኮ ጸሎት ነው። እኛ ነን ያፈርንበት።

ስለዚህ ዛሬ ይህን ጥያቄ ሳንሸሽ እንነጋገር። እግዚአብሔር ይጠብቃል ብዬ ከልቤ አምናለሁ፤ ይህን ትቼ የምናገረው ነገር የለኝም። የሚያስጨንቀኝ ግን የምንጠብቀው የጥበቃ ዓይነት ነው። ብዙዎቻችን ሳናውቀው እግዚአብሔርን የግቢያችን ዘበኛ አድርገነዋል። ስለታችንን አስገብተናል፣ አሥራታችንን ከፍለናል፣ ጾማችንን ጾመናል፤ እንግዲህ እኛ ተኝተን እሱ በራችን ላይ ቆሞ እንዲያድር እንፈልጋለን። የጎረቤት ግቢ ሲደፈር «የኛን ጠበቀልን፤ ተመስገን» ብለን እንተኛለን። በየጉባኤው የሚሰጠውን ምስክርነት አስቡት። «መኪናው ሲገለበጥ ሁሉም ሲሞት እኔን ብቻ አወጣኝ» ተብሎ እልል ሲባል፣ በዚያው መኪና ባሏን ያጣች ሴት ኋላ ወንበር ላይ ተቀምጣ ትሰማለች። እሷ «አሜን» ብላ ወደ ቤቷ ምን ይዛ እንደምትሄድ የሚጠይቅ ሰው ስንት ነው?

ጥበቃን ከክርስቶስ አፍ እንማር ብንል የዮሐንስ ወንጌል 17ኛ ምዕራፍ ዘንድ እንደርሳለን። ሌሊቱ የሐሙስ ሌሊት ነው። እራቱ አብቅቷል፤ ይሁዳ ወጥቷል፤ ከከተማው ወዲያ ማዶ ችቦና መሣሪያ እየተዘጋጀ ነው። ጌታችን ስለ ደቀ መዛሙርቱ ረጅም ጸሎት ይጸልያል። በዚያ ጸሎት መሐል ለአብ ሲናገር፣ እነዚህን ከዓለም አውጣቸው ብሎ እንደማይለምን፣ ከክፉው እንዲጠብቃቸው ግን እንደሚለምን በግልጽ ያስቀምጠዋል። በዚያ ሰዓት! ሊነጋ ሲል የሚሆነውን እያወቀ! የሚወዳቸውን ሰዎች ከዚያ ሌሊት የሚያወጣ ጸሎት ቢጸልይ ማን ይፈርድበት ነበር? እሱ ግን እዚያው፣ ሮማዊው ገዥና ሊቀ ካህናቱ ባሉበት፣ ሰይፉም መስቀሉም ባለበት ዓለም ውስጥ ትቷቸው፣ ጠብቃቸው አለ።

የዚያን ጸሎት መልስ ለማየት ብዙ መቆየት አያስፈልግም። አንድ ምዕራፍ ግለጡ። የቄድሮንን ወንዝ ተሻግረው አትክልቱ ስፍራ ከገቡ በኋላ ወታደሮቹ ደረሱ። ጌታ ወደ ፊት ወጣና ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቃቸው። ሁለተኛም ጠየቃቸው። ከዚያ፣ የምትፈልጉት እኔን ከሆነ እነዚህን ተዉአቸው ይሂዱ አለ። ወንጌላዊው ዮሐንስ ይህን ሲጽፍ፣ ከሰጠኸኝ አንድ ስንኳ አልጠፋብኝም ያለው ቃል እንዲፈጸም ነው ብሎ ይነግረናል። አያችሁ የሆነውን? በጸሎት «ጠብቅ» ያለው እሱ፣ ጥቂት ቆይቶ በሰይፉና በደቀ መዛሙርቱ መካከል በገዛ አካሉ ቆመ። እኔ ስለ ጥበቃ የምናገረው ሁሉ ከዚህ ይነሣል። የእግዚአብሔር ጥበቃ አንድ ሰው መሐል ገብቶ የሚቆምበት ነገር ነው።

ሌላም ዓይነት ጥበቃ ቀርቦለት ነበር። በምድረ በዳ ፈታኙ ወደ ቤተ መቅደሱ ጫፍ ሲያወጣው የጠቀሰለት ጥቅስ ብዙዎቻችን በቃል የምንይዘው መዝሙር ነው፤ በእኛ ዳዊት 90ኛው፣ በሌላው ቁጥር 91ኛው። መላእክት እግርህ ድንጋይ እንዳይነካው ይጠብቁሃልና ዝለል አለው። ይህን ሳነብ ሁልጊዜ እደነግጣለሁ። የምወደውን መዝሙር ፈታኙም ያውቀዋል ማለት ነው። ተስፋው ውሸት አልነበረም። የተጠየቀው ግን ያለ ምክንያት፣ ያለ ማንም ጥቅም፣ ለማሳየት ብቻ እንዲዘል ነው። ጌታ አልዘለለም። በኋላ በጌቴሴማኒ ለሌሎች ብሎ ወደ ፊት የወጣው ይህ ለራሱ አልዘልም ያለው ነው።

ዛሬም ከዚያ ጫፍ ላይ የሚዘል አለ። የመልአኩን ሥዕል መስተዋቱ ላይ ለጥፎ ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚቀድም ሹፌር እየዘለለ ነው፤ ያውም አርባና ሃምሳ ሰው ይዞ። ከዚህ የከበደውን ደግሞ በሐዘኔታ ነው የማነሣው። የኤችአይቪ መድኃኒት በአገራችን በነጻ መዳረስ በጀመረበት ዘመን፣ በእንጦጦ ጠበል የሚጠመቁ ብዙ ሕሙማን መድኃኒቱን መውሰድ እምነት ማጉደል መስሏቸው አቋርጠው ነበር። እነዚያን ሰዎች ማንም እንዲያቃልላቸው አልፈልግም፤ ሰው ሁሉ ሲርቃቸው እግዚአብሔር ዘንድ የሄዱ ናቸው። በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው፣ አንዱ ሌላውን አይቃወምም ብለው በአደባባይ አስተማሩ። ያ ትምህርት ስንት እናት ለልጆቿ እንዳተረፈ የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው። አባት እንዲህ ነው የሚጠብቀው። ጸሎቱን ሳይነካ ክኒኑን በእጃቸው አስያዛቸው።

ይህን ነገር ከሁሉ አብልጦ ያስተማረኝ ምዕራፍ የሐዋርያት ሥራ 27 ነው፤ ብዙ ጊዜ የመርከብ ጉዞ ታሪክ ነው ተብሎ ይታለፋል። እስኪ ጊዜ ሰጥተን እንየው።

ጳውሎስ እስረኛ ነው። ወደ ቄሣር ይግባኝ ብሎ ዩልዮስ በሚባል የመቶ አለቃ ጥበቃ ሥር ወደ ሮም ይወሰዳል። ወቅቱ አልፏል፤ ክረምቱ ሊገባ ነው። ቀርጤስ ላይ መልካም ወደብ በሚባለው ስፍራ ሳሉ ጳውሎስ ከዚህ ብንነሣ ጉዳት አለው ብሎ አስጠነቀቀ። የመቶ አለቃው ግን የመርከቡን ባለቤትና መሪውን ሰማ። ምን ይደረግ! እስረኛ ስለ ባሕር ቢናገር ማን ይሰማዋል? ለስላሳ የደቡብ ነፋስ ነፈሰ፤ ተነሡ። ብዙም ሳይቆይ አውሎ ነፋስ ከደሴቲቱ ወረደባቸው። ጭነቱን ጣሉ፤ የመርከቡን ዕቃ ጣሉ፤ ብዙ ቀን ፀሐይም ከዋክብትም ሳያዩ ኖሩ። ሉቃስ አብሮ ነበርና የመዳን ተስፋ ሁሉ እንደተቆረጠ ሳይሸሽግ ይጽፋል።

በዚያ ሰዓት ጳውሎስ ተነሥቶ ሌሊት መልአክ እንደቆመበት ነገራቸው። የነገራቸው ተስፋ ሦስት ነገር ነበረው። አንደኛ፣ ቄሣር ፊት ትቆማለህ። ሁለተኛ፣ አብረውህ የሚሄዱትን ሁሉ እግዚአብሔር ሰጥቶሃል። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ የማናነሣው ነው፤ ነፍስ አይጠፋም፣ መርከቡ ግን ይጠፋል። ተስፋው መርከቡን አይጨምርም። ሥራው፣ ንግዱ፣ ጤናው፣ የሠራነው ቤት፣ ያቀድነው ዕድሜ ብዙ ጊዜ መርከቡ ነው። መርከቡ ሲሰበር ተስፋው የተሰበረ ይመስለናል። እግዚአብሔር ያልሰጠንን ቃል እንደሰጠን ቆጥረን እናዝንበታለን።

አሁን ወደ ዐሥራ አራተኛው ሌሊት እንምጣ። መርከበኞቹ የብስ የቀረበ መሰላቸው። ጥልቀቱን በገመድ ለኩ፤ ሃያ ሆነ፤ ትንሽ አልፈው ሲለኩ ዐሥራ አምስት። ዓለት እንዳያገኛቸው ፈርተው በስተኋላ አራት መልሕቅ ጥለው እስኪነጋ ተመኙ። በዚህ መሐል መርከበኞቹ በስተፊት መልሕቅ እንጥላለን በሚል ሰበብ ታንኳዋን ወደ ባሕር አወረዱ፤ ሊሸሹ ነው። ጳውሎስ አየና ለመቶ አለቃውና ለወታደሮቹ፣ እነዚህ በመርከቡ ካልቆዩ እናንተ ልትድኑ አትችሉም አላቸው። ወታደሮቹ ገመዱን ቆርጠው ታንኳዋን ለቀቋት።

እዚህ ላይ እንቁም። መልአኩ ማንም አይጠፋም ብሏል። ጳውሎስም «እግዚአብሔርን አምናለሁ» ብሎ በሁሉም ፊት መስክሯል። ታዲያ መርከበኞቹ ቢሸሹ ምን ገደደው? የአንዳንዶቻችን እምነት ቢሆን ኖሮ «ተዉአቸው፤ እምነት የሌላቸው ይሂዱ፤ እኛን የሚጠብቅ አለ» ይል ነበር። ጳውሎስ ግን ተስፋው የሚፈጸመው መሪውን በሚይዙት፣ ሸራውን በሚያውቁት፣ ምናልባት ስሙን እንኳ በማያውቁት መርከበኞች እጅ እንደሆነ ያውቃል። የእግዚአብሔር ቃል የባሕር ሙያን አልሻረም። ሊነጋ ሲል ደግሞ፣ ዐሥራ አራት ቀን ሳትበሉ ቆያችሁ፣ ብሉ፣ ለመዳናችሁ ይሆናል አላቸው። እንጀራ አንሥቶ በሁሉም ፊት አመስግኖ ቆርሶ በላ። እነሱም ተጽናንተው በሉ። ሉቃስ እዚህ ላይ ቁጥራቸውን ይነግረናል፤ 276 ነፍስ። የራበው ሰው መዋኘት አይችልም፤ ጳውሎስ ይህን አልረሳም። ጸሎትና ቁርስ አንድ ላይ ሄዱ።

መርከቡ አሸዋ ላይ ተሰንቅሮ የኋላው ሲሰበር ወታደሮቹ እስረኞቹ ዋኝተው እንዳያመልጡ ሊገድሏቸው መከሩ። የመቶ አለቃው ግን ጳውሎስን ሊያድን ፈልጎ ከለከላቸው። መዋኘት የሚችል ዋኘ፤ የማይችል በሳንቃና በመርከቡ ስብርባሪ ላይ ሆኖ ወጣ። ሁሉም በደኅና ወደ የብስ ደረሱ። እነዚያ እስረኞች የተረፉት በጳውሎስ ምክንያት ነው፤ ያውም ጳውሎስ መካከላቸው ታስሮ ስለነበረ። ለብቻው በሌላ መርከብ፣ ቅዱሳን ብቻ በተሳፈሩበት መርከብ ቢሄድ ኖሮ የእነዚያ ሰዎች ነገር ምን ይሆን ነበር? ይህን ስናስብ፣ ከዓለም እንዳይወጡ የተጸለየው ጸሎት ለኛ ብቻ እንዳልተጸለየ እንረዳለን። አብረውን ለተሳፈሩትም ነው።

ወደ መላጥያ ደሴት ከወጡ በኋላ ያለውን ሳልጠቅስ ማለፍ አልችልም። ዝናብና ብርድ ነበርና ጳውሎስ ራሱ ጭራሮ ሰብስቦ እሳት ላይ ሲጨምር እፉኝት ወጥታ እጁ ላይ ተንጠለጠለች። የደሴቲቱ ሰዎች አይተው «ነፍሰ ገዳይ መሆን አለበት፤ ከባሕር ቢድንም ፍርድ አልተወውም» ተባባሉ። እጁን አራግፎ ምንም ሳይሆን ሲቀር ደግሞ አምላክ ነው አሉ። ሁለቱም ፍርድ ስሕተት ነው፤ የሁለቱም ሥር አንድ ነው። የሰውን ማንነት በደረሰበት ነገር መለካት ነው። እኛስ? ልጁ የሞተበትን ሰው ስናይ «ምን ኃጢአት ቢኖርበት ይሆን» ብለን የምናንሾካሹክ፣ ሀብቱ የሞላለትን «የተባረከ ሰው» የምንል፣ ከመላጥያ ሰዎች በምን እንለያለን? እነሱስ ወንጌል ገና አልሰሙም ነበር።

ይኸው ጳውሎስ የቄሣር ከተማ ደርሶ በመጨረሻ በሰይፍ እንደሞተ የቤተ ክርስቲያን ትውፊት ያስተምራል። ከማዕበሉ የወጣው፣ ከእፉኝቱ የዳነው ሰው ከሰይፍ አልዳነም። የምሽቱ ጥያቄ ተመልሶ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

የሐዋርያት ሥራ 12ኛ ምዕራፍ ከዚህ ጥያቄ ጋር ፊት ለፊት ያቆመናል። ሄሮድስ የዮሐንስን ወንድም ያዕቆብን በሰይፍ ገደለው። አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው የተጻፈለት። ቀጥሎ ጴጥሮስ ታሰረ፤ ዐሥራ ስድስት ወታደር ተመደበበት፤ በሁለት ሰንሰለት ታስሮ በሁለት ወታደሮች መካከል ተኝቶ ሳለ መልአክ ቀሰቀሰው፤ ሰንሰለቱ ወደቀ፤ የብረቱ መዝጊያ ተከፈተ። አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ ሰሞን፣ ሁለት ሐዋርያት። አንዱን መልአክ አወጣው፤ አንዱ ተቀበረ። ለያዕቆብ መልአክ ጠፍቶለት ነው? እምነቱ አንሶ ነው? መጽሐፉ ምክንያት አይሰጠንም፤ እኔም አልፈጥርም። ምክንያት የሚፈጥሩ ሰዎች ኀዘንተኛን እንደሚያቆስሉ አይቻለሁ። የዕብራውያን መልእክት 11ኛ ምዕራፍም በእምነት ከሰይፍ ስለት ያመለጡትንና በእምነት በሰይፍ የሞቱትን በጥቂት ቁጥሮች ልዩነት ይቆጥራቸዋል፤ ሁለቱንም ስለ እምነታቸው እያመሰገነ።

አገራችን የያዕቆብም የጴጥሮስም ታሪክ አላት። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አቡነ ጴጥሮስ አዲስ አበባ ላይ በፋሺስት ጥይት ወደቁ፤ ሕዝቡ ለወራሪው እንዲገዛ ስበኩ ተብለው እንቢ ስላሉ ነው። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ በደርግ እስር ቤት ተገደሉ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 21 ቀን የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ አዲስ አበባ ኡራኤል አካባቢ ባለችው ቤተ ክርስቲያን አገልግለው ከባለቤታቸው ጋር ሲወጡ ተያዙ፤ ተገደሉ። ዐፅማቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

የቄስ ጉዲናን ነገር ትንሽ ላስፋው፤ ርእሳችንን በቀጥታ ይነካዋልና። ከዚያ በፊት ታስረው ተፈትተዋል። አደጋው እንደቀረበ ያውቁ ነበር። ከአገር የሚወጡበት መንገድ ተዘጋጅቶላቸው ነበር፤ በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በኔሬሬ በኩል። እሳቸው መንጋዬን በዚህ የፈተና ሰዓት ጥዬ እንዴት እሄዳለሁ ብለው ቀሩ። ይህን ስናገር ለመሸሽ የተገደዱትን አልወቅስም። ጌታችን ራሱ ሕፃን ሳለ በእናቱ እቅፍ ወደ ግብፅ ተሰዷል፤ የስደተኛውን ጥበቃ ማንም አያቃልለው። ነገር ግን የአንድ እረኛ መቅረት ለመንጋው ምን እንደሆነ አስቡ። በዚያ ዘመን ወንበር ላይ ተቀምጦ ለነበረ ምእመን፣ የእግዚአብሔር ጥበቃ የሚታየው ፊት ለፊቱ ቆሞ በሚያስተምረው፣ ሊሄድ እየቻለ ባልሄደው ሰው ነበር። ወይዘሮ ፀሐይ ቶለሳ፣ ባለቤታቸው፣ ከዚያ በኋላ ለአሥር ዓመት ያህል ታሰሩ፤ ብዙ ሥቃይም ደረሰባቸው። ከእስር ወጥተውም ታሪካቸውን በገዛ አንደበታቸው መሰከሩ። የእሳቸው ስም በየመድረኩ እንደ ባለቤታቸው ስም ቢነሣ ደስ ይለኛል።

ጥበቃ የሰማዕትነት መንገድ ብቻ ቢሆን አብዛኞቻችን ከበሩ እንመለስ ነበር። የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ታሪክ የማነሣው ለዚህ ነው። ጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ ቤተ ክርስቲያኒቱን ዘጋ፤ ሕንፃዎቿን ወሰደ፤ የባንክ ገንዘቧን አገደ፤ መሪዎቿን ከአራት ዓመት በላይ አሰረ። ምእመናኑ አምስት ስድስት እየሆኑ በየቤቱ መሰብሰብ ጀመሩ። ቡና ተፈልቶ፣ ረከቦቱ ተዘርግቶ፣ ለሚያይ ሰው የጎረቤት ጨዋታ ነው። ብዙውን ሥራ የተሸከሙት ሴቶች ናቸው። ነጠላ ጣል አድርጋ ወደ ጎረቤት የምትሄድን እናት የሚጠረጥር አልነበረም፤ እሷ ግን ታስተምራለች፣ ታጽናናለች፣ ለታሳሪ ቤተሰብ ታደርሳለች። ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት የነበሯት ቤተ ክርስቲያን በ1983 ዓ.ም. ስትወጣ 34,000 ያህል ነበረች።

ቁጥሩን እንደ ማስረጃ እንዳትይዙብኝ አደራ። ስደት ሁሉ ቤተ ክርስቲያንን ያበዛል የሚል ሕግ የለም። ጎረቤታችን የነበሩት የኑብያ ክርስቲያን መንግሥታት ለብዙ መቶ ዓመታት ከቆሙ በኋላ ጠፍተዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ ከቁጥሩ ይልቅ የጥበቃው መልክ ነው። እግዚአብሔር ያንን ሕዝብ የጠበቀው ከቀበሌው አውጥቶ አይደለም። እዚያው ቀበሌ ውስጥ፣ በስኒና በጀበና፣ አንዱን በሌላው እጅ ጠበቀው።

ይህ ሁሉ ወደ ዛሬያችን ሲመጣ ምን ይመስላል? ቦሌ ላይ «እግዚአብሔር ይጠብቅሽ» ያልናትን ልጅ እናስታውስ። ያ ጸሎት ከልብ ከሆነ ሥራ አለው። ከመሄዷ በፊት የፈረመችውን ውል አንብቦ የሚያስረዳት ሰው ያስፈልጋል። የፓስፖርቷ ኮፒ ቤተሰቦቿ ዘንድ መቅረት አለበት። የኤምባሲውን ስልክ በቃሏ እንድትይዝ ማድረግ ይገባል፤ ስልኳ የሚወሰድበት ቤት ብዙ ነውና። እዚያ ያሉ ወገኖቻችንም በዕረፍት ቀናቸው በአንድ ክፍል ተሰብስበው ሲጸልዩ፣ ያልመጣችውን እየጠየቁ፣ ደመወዝ የተከለከለችውን እያገዙ፣ የሞተችውን አስከሬን ለማሳፈር እያዋጡ ነው የሚኖሩት። ከጳውሎስ ዳቦ ቈረሳ ጋር ያለው ዝምድና ይታያችኋል? ምእመኖቿን ወደ ውጭ የምትሸኝ እያንዳንዷ አጥቢያ አንድ ሁለት ሕግ የሚያውቁ ሰዎች መድባ ይህን ብታደርግ ጸሎቷ አይጎድልም።

ሌላው ከዚህ የከበደ ነው። በነዚህ ዓመታት ሰው በቋንቋውና በትውልዱ ሲፈለግ አይተናል። «እገሌ የሚኖረው የት ነው?» ተብሎ የሚጠየቅበት ቀን በብዙ ሠፈር መጥቷል። ያን ቀን ጎረቤቱን ጓዳው የደበቀ አለ፤ በጣቱ ያመለከተም አለ። ሁለቱም ማታ ማታ «ጠብቀን» እያሉ የሚጸልዩ ሊሆኑ ይችላሉ። ጌታ በአትክልቱ ስፍራ «እነዚህን ተዉአቸው ይሂዱ» ያለበትን ሌሊት በየዓመቱ በሰሙነ ሕማማት እንሰግድበታለን፣ እናለቅስበታለን። በራችን ሲንኳኳ ግን ያን ቃል ለመናገር አፋችን ተያዘ። ይህን የምለው ሌላውን ለመክሰስ አይደለም፤ ለንስሓ ነው። የኛ ንስሓ ብዙ ጊዜ የግል ኃጢአትን ቆጥሮ ያበቃል፤ ያልጠበቅነው ጎረቤት ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ከእናንተ መካከል አንዲት እናት «ታዲያ ልጄን ከአደጋ ጠብቅልኝ ብዬ ልጸልይ ወይስ አልጸልይ?» ብላ ብትጠይቀኝ፣ ጸልዪ፣ አጥብቀሽ ጸልዪ እላታለሁ። ጌታችን ራሱ ጽዋው እንዲያልፍለት ላቡ እስኪወርድ ለምኗል። ጽዋው አላለፈም፤ የሚያበረታው መልአክ ግን እንደመጣለት ሉቃስ ጽፏል። የኢየሩሳሌም ክርስቲያኖችም የያዕቆብ ኀዘን ገና ሳይወጣላቸው ማርያም በምትባል ሴት ቤት ተሰብስበው ስለ ጴጥሮስ ሌሊቱን ይጸልዩ ነበር። አንዴ ሰው ቢቀበርባቸውም ደግመው ለመለመን አልፈሩም። ጴጥሮስ ደጁን ሲያንኳኳ ሮዴ የምትባለው ልጅ ድምፁን ለይታ ከደስታዋ ብዛት ሳትከፍት ሮጠች፤ የሚጸልዩት ሰዎች ግን አብደሻል አሏት። እንግዲህ እምነታቸው ይህን ያህል ነበር፤ እግዚአብሔርም በዚያው ሰማቸው።

አሁን ጥያቄና አስተያየት የምንቀበልበት ሰዓት ነው። መጀመሪያ ልሰማ የምወደው በቅርቡ ኀዘን የደረሰባችሁን ነው፤ መናገር ባትፈልጉም አትገደዱም፤ ከዚህ በኋላ እዚሁ እቆያለሁ።